የመቃብር አራት ጎረቤት

መጀመሪያ ገሉን ያጥባሉ። ውኃው ለብ ያለ፣ ሳሙና ያልነካው መሆን አለበት፤ ብሩሹ ደግሞ ያለቀ የጥርስ ብሩሽ፣ ፀጉሩ የለሰለሰ። የተሰበረውን ጠርዝ አይፈትጉም፤ ጠርዙ ከተፈተገ ገሉ ከጓደኛው ጋር ሲገጥሙት እሺ አይልም። አጥበው በወንፊት ላይ ይደረድሩታል፣ ወንፊቱን ጥላ ውስጥ ያኖሩታል። ፀሐይ ላይ የደረቀ ገል ይላጣልና ሁለት ቀን ይታገሱታል።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ እንደሻው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወልውለው በረንዳቸው ላይ ይቀመጣሉ። ገሉን በግራ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሐል ይይዛሉ፤ ውስጠኛውን ፊት ወደ ላይ ያዞራሉ፤ ጌጥ ባለበት ፊት አይጻፍም። መልክ የሌለውን የጥፍር ቀለም ከፍተው የባቄላ ፍሬ በምታህል ቦታ ላይ አንዴ ያስኬዱታል። እስኪደርቅ እፍ አይሉም፤ እፍታ አቧራ ያመጣል። ከዚያ በንድፍ ብዕር፣ በቻይና ኢንክ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ፊደሎችና ቁጥሮች ይጽፋሉ። ኢንኩ ሲደርቅ የጥፍር ቀለሙን ይደግሙበታል። ከእንግዲህ ቁጥሩ መስታወት ውስጥ እንደገባ ፎቶ ነው፤ እጅ አያጠፋውም፣ ላብ አያጠፋውም።

ቢሳሳቱ መፋቅ የለም። የተሳሳተውን በአንድ ቀጭን መሥመር ይሰርዙታል፤ ከሥሩ ምን እንደነበረ እንዲነበብ ይተውታል፤ ትክክለኛውን ከጎኑ ይጽፋሉ። መዝገብ ላይ ከሆነ ቀንና ፊርማ ይጨምሩበታል። የሙያው ሕግ ይህ ነው፤ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን ከነስሙ ያስቀምጣል።

የሚቆጥሩት ገል ሦስት ጆንያ ሙሉ ነው። በ2006 ዓ.ም. የቆፈሩት ሰዎች «ለሚቀጥለው ወቅት» ብለው በጋሽ እንደሻው ቤት ያስቀመጡት ነው። የሚቀጥለው ወቅት አልመጣም። ጋሽ እንደሻው አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ቆጥረው ጨርሰዋል። የመጀመሪያው የጥፍር ቀለም ርካሽ ሆኖ ቢጫ እየሆነ ሲመጣ፣ እንደገና ከአንድ ጀምረዋል። ሸዋ በር ላይ ሱቅ ያለው ሙክታር ጠርሙሱን በሰጣቸው ቁጥር ያው ቀልድ አለችው።

«አቦ ጋሼ፣ እትዬ አልማዝ ስንት ጥፍር ነው ያላቸው? ይሄ እኮ በዚህ ዓመት ዘጠነኛው ነው!»

«ለሷ መች ሆነ፤ ለሞቱት ነው።»

«ሙታን ጥፍር መቀባት ጀመሩ እንዴ? አስተግፊሩላህ!»

አንድ ቀን ሙክታር ቀልዱን ትቶ ከልቡ ጠየቃቸው። «ግን ጋሼ፣ ይሄ ዕድሜ ልክዎን የሠሩት ነገር ስሙ ምንድን ነው?»

«አንትሮፖሎጂ። በአማርኛ ሥነ ሰብእ ይሉታል። ሰውን ማጥናት ነው።»

«ሰውንማ እኔም ከዚህ ባንኮኒ ሆኜ አጠናለሁ። ማን ሊያገባ እንዳሰበ ሽቶ ሲገዛ አውቃለሁ።»

«አንተ የምታጠናው የመጣልህን ነው። እኔ አብሬያቸው የሠራኋቸው ምሁራን ግን ያልመጣውንም ነው። የሞተውንም፣ ሩቅ ያለውንም፣ ሰው ሰው ከመሆኑ በፊት የነበረውንም።»

ሙክታር ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ሁሉ በጥፍር ቀለም?»

ጋሽ እንደሻው ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው። የተወለዱት ከሸዋ በር ውጭ፣ ከጀጎል ግንብ ሁለት መቶ ሜትር በማይሞላ ግቢ ውስጥ ነው። አያታቸው ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ጋሽ እንደሻው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው ንድፍ ተማሩ፤ የቤት ፕላን በመሳል ኖሩ። ፊደላቸው በማስመሪያ የተጻፈ ይመስላል። ኦሮምኛውን ከገበያ፣ የጌውን፣ የግንቡ ውስጥ ሰዎችን፣ ቋንቋ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ለቅመዋል። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም፤ ዩኒቨርሲቲው ነው ወደ እሳቸው የመጣው።

በ1985 ዓ.ም. አንድ የቋንቋ ተመራማሪ የጀጎልን ቤት ውስጡን በልኩ የሚስልለት ሰው ፈለገ። ጋሽ እንደሻው ሜትራቸውንና ወረቀታቸውን ይዘው ወይዘሮ ለይላ የሚባሉ ባልቴት ቤት ገቡ። በጌ ቤት ውስጥ መደቡ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ስም፣ የራሱ ተቀማጭ አለው። ጋሽ እንደሻው ይህን አያውቁም። ጥሩ ብርሃን ያለበትን መደብ መርጠው ቁጭ አሉ።

«አንተ! ተነስ ከዚያ!» አሉ ወይዘሮ ለይላ።

«ምን አጠፋሁ እናቴ?»

«እሱ የቤቱ ጌታ መቀመጫ ነው። ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ልታገባኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትለካ?»

ቤት ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። እሳቸው ግን ዛሬም ድረስ ሲያነሡት ጆሯቸው ይቀላል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከግንቡ ማዶ ኖረው፣ ጎረቤት የት እንደሚቀመጥ አያውቁም ነበር። ለእሳቸው መደብ መደብ ነው፤ እቤታቸው ያገኘ ይቀመጥበታል። «የራሴን ቤት ሜትር ይዤ የሰው ቤት ልለካ ገባሁ» ይላሉ። ምሁራኑ ለዚህ ስሕተት ረጅም ስም አላቸው፤ ማንም ሕዝብ የራሱን ወግ መለኪያ አድርጎ የሌላውን ጎዶሎ ማየቱ ነው። መድኃኒቱም ስም አለው፤ ሰውን በራሱ ቤት ሜትር መለካት። ይህ ማለት ያዩትን ሁሉ መውደድ አይደለም። ከመፍረድ በፊት መረዳት ነው። ባህል የሚሉትም ቢሆን ጭፈራና ልብስ ብቻ አይደለም። ሕፃን ሲወለድ ይዞት የማይመጣው፣ ግን ሳይነግሩት የሚማረው፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ለማን እንደሚነሣ፣ እምቢን እንዴት እንደሚል፣ ያ ሁሉ ባህል ነው።

እምቢን እንዴት እንደሚል። ይህችን ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣ ተመራማሪ ሁሉ ጋሽ እንደሻውን ይጠይቅ ጀመር። በሃያ ዓመት ውስጥ የትምህርቱን አራት ክፍል ሁሉ በእጃቸው ዳሰሱት። አንደኛው ያ የቋንቋው ነው፤ ሰው ለምን ነገር ስም እንዳወጣ፣ ለምኑ እንዳላወጣ መዝግቦ ከዚያ ኑሮውን ማንበብ። ሌላው የኑሮው ነው። አንድ ጎልማሳ ስምንት ወር ጀጎል ውስጥ ቤት ተከራይቶ ከሰው ጋር በላ፣ ሠርግ ሄደ፣ ለቅሶ ተቀመጠ፣ ማታ ማታ የዋለበትን ጻፈ። አብሮ እየኖሩ ማየት ነው ዘዴው፤ ጥያቄ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚሰማው መልስ ብቻ ነው። ሦስተኛው ቁፋሮው ነው። ከታች ያለው አፈር ይቀድማል፣ ከላይ ያለው ይከተላል፣ አይጥ ካልገባበት በስተቀር። ገል የሚቆጠረውም ለዚህ ነው፤ ከየትኛው አፈር እንደወጣ ያልታወቀ ገል ጠጠር ነው። አራተኛው አጥንቱ ነው። ጥርስ ዕድሜን ይናገራል፣ ዳሌ ወንድና ሴትን ይለያል፣ ጉልበት ሸክምን ያስታውሳል። አራቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ሰውን ቆራርጠው ሳይሆን ሙሉውን እናያለን ማለታቸው ነው።

ጋሽ እንደሻው ይህን ሁሉ ያወቁት ሌላ ሰው ሲጽፈው ከጎን ቆመው ነው። በመጽሐፎቹ ውስጥ ስማቸው የለም። «አገር በቀል ረዳት» የሚል አለ። ቅር አላሰኛቸውም። የሚያንገበግባቸው ስማቸው ያለበት ወረቀት ነው።

በ2006 ዓ.ም. ከውጭ አገር አንዲት ዶክተር መጣች፤ ቁፋሮና አጥንት አዋቂ ነበረች። ሐኪም ጋራ ጥግ ላይ፣ አባ ዓሊዪ የሚባሉ ገበሬ እርሻ ውስጥ፣ ጎርፍ አፈሩን ሸርሽሮት ቤተሰቡ ከድሮ የሚያውቃቸው ጥንታዊ መቃብሮች ብቅ ብለው ነበር። ተፈቅዶ ተቆፈረ። ሦስቱ መቃብሮች ባዶ ያህል ነበሩ። አራተኛው ውስጥ አንድ ሙሉ አፅም ተገኘ፤ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ፣ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ሲሰገድ ወደሚዞርበት አቅጣጫ።

ዶክተሯ አንድ ሳምንት ተንበርክካ በብሩሽ ጠረገችው። ዳሌውን ለካች፣ ጥርሱን ቆጠረች። በስምንተኛው ቀን ላቧን ጠርጋ ቆመች፤ «ሴት ናት። ሃያ ዓመት ገደማ» አለች፣ ጋሽ እንደሻውም በኦሮምኛ አስተረጎሙ።

አባ ዓሊዪ በዱላቸው ላይ ተደግፈው ሳቅ አሉ። «እኛ መች ወንድ አልናት? ሴትየዋ ናት የምንላት። ይህን ለማወቅ ስምንት ቀን ፈጀባት?»

ከሰዓት በኋላ የዝምድና ሰንጠረዥ ይሠራ ነበር። ይህ የሙያው የድሮ መሣሪያ ነው። ሦስት ማዕዘን ወንድ፣ ክብ ሴት፣ ሁለት መሥመር ጋብቻ፣ ወደ ታች የሚወርድ መሥመር ልጅ፤ የሞተ ሰው ላይ ሰያፍ ጭረት ይደረጋል። ጋሽ እንደሻው በአባ ዓሊዪ ደጃፍ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይስላሉ። ሰባት ትውልድ ወጡ። ዶክተሯ በእጇ ወደ መቃብሩ አመለከተች።

«እሷስ ምናቸው ናት?»

«ጎረቤቴ» አሉ አባ ዓሊዪ።

«ስሟን ያውቁታል?»

«አላውቅም። አባቴም አያውቀውም። ጠዋት ወደ እርሻ ስወርድ ሰላም እላታለሁ። አባቴም ይላት ነበር፣ አያቴም።»

«ዘመድ ናት ወይ ነው ጥያቄው» አሉ ጋሽ እንደሻው።

«ዘመድ ድሬ ይሄዳል፣ ጅጅጋ ይሄዳል። ጎረቤት የት ይሄዳል?»

ጋሽ እንደሻው እርሳሳቸውን ይዘው ወረቀቱን አዩት። ለጎረቤት ምልክት የለም። ዶክተሯን ጠየቋት፤ ሰንጠረዡ የዝምድና ብቻ ነው አለቻቸው። ስለዚህ ሴትየዋን ከሰንጠረዡ ውጭ ተዉአት። ከሰንጠረዡ ቀጥሎ አንድ ቅጽ ነበር፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ አፅሙን የሚጠይቅ ወገን አለ ወይ ይላል። ጋሽ እንደሻው በዚያ በማስመሪያ የተጻፈ በሚመስል ፊደላቸው ጻፉ፦ «ባለቤት የሌለው»። ፈረሙ።

ከዚያ ዶክተሯ ዋናውን ነገር ጠየቀች። አፅሙን ወደ አገሯ ላቦራቶሪ ወስዳ ልትመረምረው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ልትመልሰው። ለቤቱም ብላ አንድ ኪሎ ስኳር አምጥታ ነበር፤ በካኪ ወረቀት ተጠቅልሎ በቃጫ ገመድ የታሰረ።

አባ ዓሊዪ ስኳሩን ተቀብለው ከጎናቸው አኖሩት። ወደ ቤት ተጣሩ፤ «ፋጡማ! ለእንግዶቹ ሆጃ አምጪ!» ከዚያ ወደ ጋሽ እንደሻው ዞረው፦ «ቤቴ ተቀምጣችሁ ምን እላችኋለሁ? ጠጡ እንጂ።»

ይህን ወግ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አባ ዓሊዪ ምንጣፋቸው ላይ ለተቀመጠ እንግዳ እምቢ አይሉም። እምቢታቸው በማግስቱ በሰው እጅ ይመጣል። ጋሽ እንደሻው በዚያ ሙያ ሃያ ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው፤ የሙያው ትልቁ ሕግ ሰው ሳይፈቅድ ምንም አይወሰድም የሚለው መሆኑን ለሠልጣኞች በአማርኛ የሚያስረዱት እሳቸው ነበሩ። ዶክተሯ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች። ሆጃው፣ በወተት የተፈላው የቡና ገለባ፣ መጣ። አንድ ጊዜ ፉት አሉ።

«ተስማምተዋል» ብለው አስተረጎሙ።

ለምን? ስጠይቃቸው ብዙ ምክንያት ሰጥተውኝ ነበር። መኪናው በማግስቱ ይነሣ ነበር። ዶክተሯ በጣም ደስ ብሏት ነበር፣ ጥሩ ሰው ነበረች። ሁለት ዓመት ምን አላት። በኋላ ሁሉንም ምክንያት ራሳቸው በአንድ መሥመር ሰረዙት። «እምቢታውን ማስተርጎም ከበደኝ። ፊቷ እንዳይጠቁር ፈራሁ። ሌላ የለም።»

በማግስቱ ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። ፋጡማ ነበረች፣ የአባ ዓሊዪ ልጅ፤ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከሐኪም ጋራ በእግሯ ወርዳ ነው የመጣችው። ካኪው ጥቅልል እጇ ላይ ነው፤ ቃጫው አልተፈታም። በደረጃው ላይ አስቀመጠችው።

«አባቴ ልኮኝ ነው ጋሼ።»

ሌላ አልተናገረችም፤ ሌላ መናገርም አያስፈልግም። ስኳር ከተመለሰ ነገሩ ተመልሷል።

«እሺ ልጄ፣ አደርሳለሁ» አሏት።

መኪናው የሚነሣው በስድስት ሰዓት ነበር። ገና ሁለት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ሙሉ በእጃቸው ነበር። ቅጹን በአንድ መሥመር ሰርዞ፣ ከጎኑ ጽፎ፣ ቀን አድርጎ ለመፈረም ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ጥቅልሉን አንሥተው ጓዳ አስገቡት።

«ስኳር ከየት?» አለች እትዬ አልማዝ፣ ባለቤታቸው።

«ዶክተሯ ሰጠችን።»

ግራጫው የፕላስቲክ ሣጥን በስድስት ሰዓት ሄደ። ስኳሩ ለአንድ ወር ሻይ በቃ።

ፋጡማ በገበያ ቀን ካሮትና ቀይ ሥር ይዛ ሸዋ በር ትወርዳለች። ሸጣ ስትጨርስ ባጃጅ ከመያዟ በፊት በጋሽ እንደሻው በር ታልፋለች። ቁጭ በይ ቢሏት አትቀመጥም። የምትጠይቀው አንድ ቃል ነው።

«መጣች?»

«ገና ነው ልጄ።»

ሁለት ዓመት ሞላ። «መጣች?» «ገና።» ጋሽ እንደሻው ለዶክተሯ ጻፉ። መጀመሪያ መለሰች፤ ምርመራው አላለቀም። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሥራ ቀየረች። አምስተኛው ዓመት ላይ ዕቃው ሁሉ ወደ ሌላ መጋዘን ተዛወረ። ከዚያ ደብዳቤዎቹ ሲሄዱ ብቻ ሆኑ። ፋጡማ አገባች፣ ወለደች፣ ልጇን አዝላ መጣች። «መጣች?» «ገና።» ወረርሽኙ በገባበት ዓመት አፏን በሻሽ ሸፍና መጣች። «ገና።»

አባ ዓሊዪ ጠዋት ጠዋት በዚያው መንገድ ወደ እርሻቸው ይወርዱ ነበር። ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ሰላምታውን አልተዉም፤ ለባዶው ጉድጓድ ሰላም ብለው ያልፋሉ። በዶክተሯም ተቀይመው ኖሩ። «ስኳሩን መልሼላት እያወቀች ወሰደች፤ ለአላህ ሰጥቻታለሁ» ይሉ ነበር። ጋሽ እንደሻው ይህን ከፋጡማ አፍ ሲሰሙ ገሉ ላይ አቀርቅረው መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ባለፈው ዓመት፣ በዚያ ቂም ላይ አሥር ዓመት ከተቆጠረ በኋላ፣ ከዚያ ከሩቅ አገር መጋዘን አንድ መልስ መጣ። ጉዳዩ በአንድ የቅርስ ቢሮ በኩል ነበረና ጋሽ እንደሻው ተጠርተው ሄዱ። ወጣቱ ባለሙያ ትሑት ልጅ ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።

«ጋሼ፣ እኔ ልረዳዎት ፈልጌ ነበር። ግን የሚሉት፣ በመዝገባችን አፅሙ የሚጠይቀው ወገን የለውም ነው። ወገን አለ ከተባለ የዝምድና ማስረጃ ይምጣ ይላሉ።»

«ማን ነው የለውም ያለው?»

ልጁ የወረቀቱን ቅጂ አዞረላቸው። ፊደሉ በማስመሪያ የተጻፈ ይመስላል።

«ያልተነበበልዎት ከሆነ ላንብብልዎት?» አለ ልጁ።

«ተነቧል» አሉ ጋሽ እንደሻው።

«የፈረመው ሰው ዛሬ ቢገኝና ተሳስቼ ነው ቢል፣ ምናልባት...»

«እኔ ነኝ።»

ልጁ መጀመሪያ የገባው አልመሰለም። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ። የእርማት ደብዳቤ አብረው ጻፉ፤ ላኩት። መልሱ በአራት ወሩ መጣ፤ አጭር ነበር። በሰንጠረዡ ላይ በቤተሰቡና በአፅሙ መካከል የሚታይ መሥመር የለም፤ ጎረቤትነት በደንባቸው የጥያቄ መብት አይሰጥም፤ ለፍላጎትዎ እናመሰግናለን።

ደብዳቤው በደረሰ በሳምንቱ አባ ዓሊዪ ሞቱ። ከባዶው ጉድጓድ አጠገብ ነው የተቀበሩት፤ ራሳቸው እንዲህ ብለው ነግረው ነበር። ጋሽ እንደሻው ቀብሩ አመለጣቸው፤ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሄዱ። ባዶ እጅ አይኬድምና ሙክታር ሱቅ ገብተው አንድ ኪሎ ስኳር ገዙ። ሙክታር ያን ቀን አልቀለደም፤ ስኳሩን በካኪ ወረቀት ጠቅልሎ አሰረላቸው።

ፋጡማ ከድንኳኑ ወጥታ ተቀበለቻቸው። ዓይኗ አብጧል። ጥቅልሉን በሁለት እጇ ተቀበለች።

«አላህ ይርሐማቸው» አሉ ጋሽ እንደሻው።

«አሚን ጋሼ። እስከ መጨረሻው እሷን ነበር የሚጠይቀው። መጣች ወይ ሲል ነበር።»

ቀን መምረጥ ይቻል ነበር። ሐዘን እስኪወጣ መጠበቅ ይቻል ነበር። ጋሽ እንደሻው ግን አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀዋል።

«ፋጡማ፣ ያኔ ያመጣሽውን ስኳር አላደረስኩም።»

«ምን?»

«ለዶክተሯ አልነገርኳትም። አባትሽ እምቢ ማለታቸውን አታውቅም። ባለቤት የለውም ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ስኳሩን... በላነው።»

ድንኳኑ ውስጥ ቁርአን ይቀራል። ፋጡማ ፊታቸውን አየች፣ እጃቸውን አየች፤ ያን የንድፍ ብዕር ያጠቆረውን ጣታቸውን።

«አደርሳለሁ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ብዬሽ ነበር።»

«አባቴ ያቺን ፈረንጅ አሥራ አንድ ዓመት ነው የከሰሳት። አላህ ፊት።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ በየሳምንቱ በርዎት ላይ እቆም ነበር።»

ፋጡማ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ድንኳኑ እንግዳ የሞላበት ነው፣ እሳቸውም ደጃፏ የቆሙ እንግዳ ናቸው። የስኳሩን ጥቅልል መልሳ በእጃቸው ላይ አኖረችው፤ ቀስ ብላ፣ እንዳይወድቅ ጣታቸውን በላዩ አጥፋላቸው። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ገባች።

ያ ባለፈው ጥቅምት ነው። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን የጋሽ እንደሻው በር አይንኳኳም። እሳቸው ግን ያን ሰዓት ከበረንዳው አይነሡም፤ ገሉን ይዘው መንገዱን ያያሉ። ካሮትና ቀይ ሥር ይዛ ሸዋ በር መውረዷን ሙክታር ይነግራቸዋል። በሌላኛው መንገድ ነው የምትመለሰው። ስኳሩ ጓዳ ውስጥ እንደታሰረ ነው፤ እትዬ አልማዝ ከየት ነው ብላ አልጠየቀችም። ሦስተኛው ጆንያ ሊያልቅ ነው። ካለቀ በኋላ ምን እንደሚሠሩ ጠየቅኋቸው። «ከአንድ እጀምራለሁ» አሉኝ።

ይህን ታሪካቸውን ልጽፍ ስጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ መጨረሻው ላይ ቃላቸው እንዲገባ። የነገሩኝ ይህ ነው፦

«ይህን ከምታነቡት አንዳንዶቻችሁ ይህን ትምህርት ትማሩ ይሆናል። አንዳችሁ ወይም ልጃችሁ አንድ ቀን ሩቅ አገር መጋዘን ውስጥ ሥራ ታገኙ ይሆናል። ግራጫ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ቀኝ ማዕዘኑ ላይ ‹ሐ.ጋ. 2006፣ መቃብር 4› ይላል፤ ጽሑፉ በጥፍር ቀለም ተሸፍኗልና አይጠፋም። እንድትመልሱልኝ አልለምንም፤ ያ እንደማይሆን አውቄአለሁ፣ የሚጠብቃትም ሰው ሞቷል። ከሥሩ እኔው ከቅጹ ገልብጬ የጻፍኩት ‹ባለቤት የሌለው› የሚል አለ። አትፋቁት። በአንድ ቀጭን መሥመር ሰርዙት፣ የእኔ ስሕተት ይነበብ። ከጎኑ ‹ሐኪም ጋራ፣ የዓሊዪ ቤት ጎረቤት› ብላችሁ ጻፉ። ቀኑን አድርጉበት። ከመክደናችሁ በፊትም፣ ሰው ቢያያችሁም አትፈሩ፣ ሰላም በሏት።»